ፈረንጅ ማነው?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ አንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ አዘጋጅ ስለ ቃላት ምንጭ ሲያወጋ ሰማሁ። ጣቢያውንም ሰውየውንም አልጠራም፤ የተናገረውን ነገር ከእሱ በፊት ከመቶ ሰው ሰምቼዋለሁና። «ፈረንጅ የሚለው ቃል ‹ፎሪን› ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ ነው። አባቶቻችን ምላሳቸው አልታጠፍ ቢላቸው ጊዜ ፈረንጅ አሉት» አለና ሳቀ። ሾፌሩ ሳቀ፤ ረዳቱ ሳቀ፤ ከኋላ የተቀመጡትም ሳቁ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህችኑ ‹ፎሪን› በየተማሪው ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ የኖርኩ ሰው ነኝና ሳቁ አልመጣልኝም።

ነገሩ ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቃል ከዚህ መጣ ከዚያ መጣ፣ የዳቦ ዋጋ አይቀንስም። እኔን የሚያበሳጨኝ ግን የቃሉ ምንጭ መሳቱ ብቻ አይደለም፤ «ምላሳቸው አልታጠፍ ቢላቸው» የምትለዋ ጨዋታ ናት። በዚህች አባባል ውስጥ ያሉት አባቶቻችን ዓለምን የሚያውቋት እንግሊዝ ስትነግራቸው ብቻ ነው፤ የተነገራቸውንም በወጉ መስማት የማይችሉ ናቸው። ታሪኩ ደግሞ ተቃራኒውን ይናገራል። አባቶቻችን ይህንን ቃል ሲይዙ ከባግዳድና ከካይሮ፣ ከፋርስና ከህንድ ጋር በአንድ የወሬ ገበያ ላይ ቆመው ነበር። እንግሊዝኛ በዚያ ገበያ ላይ ገና ሱቅ አልከፈተም።

እስቲ ዘመኑን እንቁጠር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ የተጻፈው የአፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል «አፍርንጅ» ይላል። ክርስቶፎ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን አስከትሎ ከምጽዋ ተነስቶ ወደ ደጋው የወጣው በፈረንጆቹ 1541 ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላ የደረሰው በ1868 ነው። በሁለቱ መካከል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለ። እንግዲህ ‹ፎሪን› የሚለውን ቃል ለሱስንዮስ ጸሐፊ ማን ነገረው?

ዘመኑን የማይቀበል ካለ ደግሞ ድምፁን ያድምጥ። ‹ፎሪን› በ«ን» ያልቃል፤ ፈረንጅ በ«ጅ»። ይህቺ «ጅ» ከየት መጣች? አንድ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ወቅት «ጋሼ፣ ሲጻፍ እኮ ‹ጂ› የምትባለዋ ፊደል አለችበት» ብሎ ተሟግቶኛል። ጥሩ ሙግት ነው፤ ግን አያዋጣም። ያቺ ፊደል በእንግሊዝኛው ውስጥ አትነበብም። ቃሉ ከላቲን «በር፣ ደጅ» ከሚል ሥር ወጥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ሲገባ አልነበረችበትም፤ በኋላ ጸሐፍት «ንግሥና» ከሚለው ቃል አጻጻፍ ጋር አመሳስለው በስህተት የወሸቋት ናት። አባቶቻችን ቃሉን በጆሮ ሰሙት እንጂ ከመዝገበ ቃላት ላይ አልገለበጡትም። ስለዚህ ‹ፎሪን› እና ፈረንጅ በመንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ናቸው፤ መልካቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ወንድማማች አድርገናቸው ነው።

«ጅ»ን ያመጣት ዐረብኛ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዐረቦችም ርቆ፣ ከራይን ወንዝ ዳርቻ ነው። ፍራንክ የሚባሉ የጀርመን ዘር ነገዶች ነበሩ። የሮማ መንግሥት ሲፈርስ ዛሬ ፈረንሳይ የምንለውን አገር ያዙና ስማቸውን ሰጡት። ንጉሣቸው ሻርልማኝ በ800 በሮም ዘውድ ሲጭን አብዛኛውን ምዕራብ አውሮፓ ጠቅልሎ ነበር። ከባግዳዱ ኸሊፋ ከሃሩን አል ረሺድ ጋርም መልእክተኛ ይላላክ ነበር፤ ከዚያ የተላከለት ዝሆን በ802 ከቤተ መንግሥቱ ደርሷል። ዐረቦች የዚያን ሕዝብ ስም በራሳቸው ድምፅ «ኢፍረንጅ» አሉት፤ መጨረሻ ላይ ያለውን የባዕድ ድምፅ በእነሱ «ጂም» ተኩት። የእኛ «ጅ» ያቺ «ጂም» ናት።

ቃሉ ከአንድ ነገድ ስም ወጥቶ የአንድ ክፍለ ዓለም ሰዎች ሁሉ ስም የሆነው የመስቀል ጦረኞች ሲመጡ ነው። በ1099 ኢየሩሳሌምን የያዘው ሠራዊት ውስጥ ኖርማንዲ አለ፣ ፕሮቫንስ አለ፣ ጀርመን አለ፣ ከጣሊያን የመጣም አለ። እርስ በርሳቸው በቋንቋ የማይግባቡም ነበሩባቸው። ለሶርያ ሰው ግን ሁሉም ኢፍረንጅ ናቸው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የቁስጥንጥንያ ክርስቲያኖችን ኢፍረንጅ አይሏቸውም ነበር። እነሱ «ሩም» ናቸው፤ የታወቁ፣ የቆዩ ጎረቤቶች። ስለዚህ ቃሉ ገና ከጥንቱ «የውጭ ሰው» ማለት አልነበረም፤ ነጭ ማለትም ክርስቲያን ማለትም አልነበረም። የተለየ ዓይነት ሰው ማለት ነበር።

ምን ዓይነት ሰው? ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ የሚባል የሶርያ መኳንንት፣ በ1095 ተወልዶ በ1188 የሞተ፣ ከፈረንጆች ጋር ሲዋጋም ሲወዳጅም የኖረ ሰው፣ በእርጅናው ትዝታውን ጽፏል። ተማሪዎቼ በጣም ከሚወዷቸው ታሪኮች አንዱ ከእሱ መጽሐፍ ያለው ነው። አንድ የፈረንጅ ገዢ የታመሙ ሰዎች ስላሉበት ሐኪም ላኩልኝ ብሎ የኡሳማን አጎት ይለምናል። አጎትየውም አንድ የአገሩን ክርስቲያን ሐኪም ይልካል። ሐኪሙ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። «ምነው ቶሎ አዳንካቸው?» ሲሉት የሆነውን ነገራቸው። እግሩ ላይ እብጠት የወጣበት ባላባት ነበረ፤ መጎጊያ አድርጎለት ቁስሉ ፈነዳና መሻል ጀመረ። አንዲት ሴትም ነበረች፤ እሷን በምግብ ያስታምማት ጀመር። በዚህ መሐል የፈረንጅ ሐኪም መጣና ባላባቱን «በአንድ እግር መኖር ትመርጣለህ ወይስ በሁለት እግር መሞት?» አለው። በአንድ እግር መኖር አለ። መጥረቢያ የያዘ ጎልማሳ ተጠርቶ እግሩን በሁለት ምት ቆረጠው፤ ሰውየው እዚያው ሞተ። ሴቲቱን ደግሞ ሰይጣን ራሷ ውስጥ ገብቷል ብሎ፣ ጸጉሯን አስላጭቶ፣ ራሷን በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቆ ጨው አሸበት። እሷም ሞተች። የሶርያው ሐኪም ከሕክምናቸው የማያውቀውን ነገር ተምሮ እንደተመለሰ ተናገረ ይላል ኡሳማ።

ኡሳማ ሚዛኑን የሚጠብቅ ጸሐፊ ነው፤ የፈረንጅ መድኃኒት የሠራበትንም ጊዜ ጽፏል። ጀግንነታቸውንም አልካደም። ነገር ግን ለእሱ ፈረንጅ ማለት ጎራዴ እንጂ እውቀት ያልፈጠረበት፣ ወግ የማያውቅ ፍጡር ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ «ፈረንጅ ሐኪም አየው» ስንል ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ ከዚህ በላይ ምን ሊደረግ ይችላል ማለታችን ነው። ቃሉ ያው ቃል ነው። አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የተለወጠው መድኃኒቱ የማን እጅ ላይ እንዳለ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ በንግድ መርከብና በግመል ጀርባ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ፋርስ «ፈረንጊ» አለች። ህንድ «ፊረንጊ» አለች፤ በመጀመሪያ ለፖርቱጋሎች፣ በኋላ ለእንግሊዞች፣ በ1857ቱ አመፅ ጊዜም ቃሉ ከስድብ ጋር አብሮ ይወረወር ነበር። ታይላንድ «ፈራንግ» ትላለች፤ ካምቦዲያ «ባራንግ»። ቻይና በሚንግ ነገሥታት ዘመን ፖርቱጋሎችን «ፎላንግጂ» ብላ ስታበቃ፣ ይዘውት የመጡትንም መድፍ በዚያው ስም ጠራችው። በማሌዢያዋ ፔናንግ ደሴት «ባቱ ፈሪንጊ» የሚባል የታወቀ የባሕር ዳርቻ አለ። ጨዋታ የሚወድ ካለ ደግሞ፣ «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ በ1987 ብቅ ያሉት፣ ከትርፍ በቀር አምላክ የሌላቸው የጠፈር ነጋዴዎች «ፈረንጊ» ነው የሚባሉት።

ታይላንዶች እንደኛው ናቸው፤ «ፈራንግ ማለት የፈረንሳይ ሰው ማለት ነው» የሚል የሠፈር ትንታኔ አላቸው። የእነሱ ከእኛ ‹ፎሪን› ይሻላል፤ ቢያንስ ዘመድ ነው የጠሩት።

የምወደው ግን የጓዳውን ክፍል ነው። ሰው እንግዳ ነገር ሲመጣበት አዲስ ስም አያወጣም፤ የሚያውቀውን ነገር ስም ወስዶ ላዩ ላይ ታርጋ ይለጥፋል። ኢራናዊ ቲማቲምን «የፈረንጅ ፕለም» ይለዋል፤ አተርን «የፈረንጅ ሽምብራ»፤ ስትሮበሪን «የፈረንጅ እንጆሪ»። ታይላንዳዊ ድንችን የፈራንግ ሥራሥር ይለዋል፤ ዘይቱን ግን ያለ ምንም ቅጽል ራሱን «ፈራንግ» ብሎት አረፈ። ስለዚህ ባንኮክ ውስጥ አንድ ፈራንግ ፈራንግ ሲበላ ማየት ይቻላል። ግሪክ ትግራይ ውስጥ በለስ የምንለውን እሾሃም ፍሬ «የፍራንክ በለስ» ትለዋለች፤ ሰሜን አፍሪካ «የክርስቲያን በለስ»። ፍሬው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ከግሪክም ከፍራንክም ከትግራይም ዘመድ የለውም።

ታርጋው ለፍሬ ብቻም አልተለጠፈም። ቱርክ ቂጥኝን «ፍረንጊ» ትለዋለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የህንድ የሕክምና መጽሐፍም «የፊረንጋ በሽታ» ብሎ መዝግቦታል። ማንም ሕዝብ ይህን በሽታ የራሴ ነው ብሎ አያውቅም፤ አውሮፓውያን ራሳቸው እርስ በርሳቸው ሲወራወሩበት ኖረዋል።

እኛም ታርጋ አለን፤ ሁለት ዓይነት። የጥንቱ «የባሕር» ነው፤ በቆሎን የባሕር ማሽላ አልነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ያስመጡትን ዛፍ ባሕር ዛፍ አልነው። ሁለተኛው «የፈረንጅ» ነው። የፈረንጅ ጥድ አለ፣ የሐበሻ ጥድ አለ። የፈረንጅ ሱፍ አለ። የፈረንጅ ላም አለች፤ ወተቷ ብዙ፣ ሕመሟም ብዙ። የፈረንጅ ዶሮ አለች። ስለዚህችኛዋ የእናቶቻችንን ፊት ያየ ያውቃል፤ በፈረንጅ ዶሮ የተሠራ ዶሮ ወጥ ለበዓል ማቅረብ እንግዳን መናቅ ነው። የፈረንጅ ዕቃ ሲባል ግን ፊቱ ይገለበጣል፤ «ይኼ የፈረንጅ ነው» ያለ ነጋዴ ዋጋውን እጥፍ ማድረጉ ነው። ዶሮ ላይ ስድብ የሆነው ቃል ብረት ድስት ላይ ምስጋና ነው።

እዚህ ላይ ቃሉ ወደኛ ሲገባ ስለያዘው ጓዝ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። በሱስንዮስ ዘመን «አፍርንጅ» የቆዳ ቀለም ስም አልነበረም፤ የሃይማኖት ስም ነበር። ንጉሡ በ1622 በይፋ ካቶሊክ ሆኑ፤ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ለአንድ የጎጃም ገበሬ አፍርንጅ ማለት ማዕተቡን ሊያስበጥሰው የመጣ ሰው ነበር። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አርመኖች ካቶሊክ የሆነውን ወገናቸውን «ፍራንክ» ይሉታል። ግሪኮች በሲሮስ ደሴት የሚኖረውን ካቶሊክ፣ ግሪክኛ እየተናገረ የራሳቸው ዘር የሆነውን ሰው፣ «ፍራንጎስ» ይሉታል። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በሙሉ ሮምን በዚህ ቃል ነው ያወቋት። እንግዲህ በገጠር አንዳንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሲያዩ ትንሽ ቆጠብ የሚሉት አላዋቂ ስለሆኑ የሚመስለው ካለ፣ ቃሉ ራሱ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ቁስል እንዳለበት ይወቅ።

የፍራንክ ሌላኛው ልጅ ደግሞ በአውሮፓ ቀርቶ ሀብታም ሆነ። ፍራንኮች ድል አድራጊ ስለነበሩ፣ በያዙት አገር ግብር የማይከፍለው፣ ለማንም የማይገዛው ሰው ፍራንክ ነበር። ስለዚህ ስሙ «ነፃ» ማለት ሆነ። የተከለለ ነገር የሌለው ንግግርም በእንግሊዝኛ ፍራንክ ተባለ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን ሁለተኛ በእንግሊዞች ተማርከው ሲለቀቁ በ1360 የተመታው የወርቅ ገንዘብ ፍራንክ ተባለ፤ አባቶቻችንም ገንዘብን በጠቅላላው «ፍራንክ» ሲሉት ኖረዋል። ፈረንሳይ በ2002 ፍራንኳን በዩሮ ለውጣለች፤ ጎረቤታችን ጅቡቲ ግን ዛሬም በፍራንክ ትገበያያለች። «ፍራንኮ ቫሉታ» የሚለውን ቃል ደግሞ ነጋዴ ያልሆነ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቁ ዕቃ ማስገባት ማለት ነው፤ ፍራንኮው «ነፃ» ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ዘይት፣ ስኳር፣ ስንዴ፣ ሩዝና የሕፃናት ወተት በፍራንኮ ቫሉታ እንዲገባ ሲፈቅድ፣ ያ የራይን ዳር ነገድ መርካቶ ገብቶ ዘይት ተሸከመ ማለት ነው።

ምሁሮቻችንም አልቀሩም። «አማርኛ የኢትዮጵያ ሊንጓ ፍራንካ ነው» የሚል አረፍተ ነገር በስንት የጥናት ወረቀት ላይ አንብቤአለሁ። ሊንጓ ፍራንካ በሜዲትራኒያን ወደቦች ነጋዴና መርከበኛ ይግባባበት የነበረ ድብልቅ ቋንቋ ነው፤ ቃል በቃል «የፈረንጆች ልሳን» ማለት ነው። እንግዲህ አማርኛን ለማክበር ብለን የፈረንጅ አፍ አልነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ዛሬ ፈረንጅ ማነው? ባለ ሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላትን ብትገልጡ «የውጭ አገር ሰው» የሚል ትርጉም ታገኛላችሁ። ልቦለዶቻችንን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎችም እዚያችው ላይ ያርፋሉ። እኔ ይህን ትርጉም በክፍል ውስጥ የምፈትነው ቀላል በሆነ መንገድ ነበር። የሱዳን ሰው የውጭ አገር ሰው ነው፤ ፈረንጅ ነው? ሳቅ። ናይጄሪያዊስ? ሳቅ። የትውልዴን ግማሽ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት ህንዶች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ማንም ፈረንጅ ብሏቸው አያውቅም፤ «ህንዱ» ነበሩ። ቻይና መንገድ ሊሠራ ሲመጣ የሠፈር ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» የሚለውን ጩኸት ትተው «ቻይና! ቻይና!» የሚል አዲስ ጩኸት አወጡለት። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች «አርባ ልጆች» ተባሉ እንጂ አርባ ፈረንጆች አልተባሉም። ልጆች ከመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ የተሻለ ጆሮ አላቸው።

እና «ነጭ» እንበለው? ከነጭ አሜሪካዊ ጋር የመጣው ጥቁር አሜሪካዊስ? ሰዋችን ለአፍታ ያመነታና «ጥቁር ፈረንጅ» ይለዋል። አነጋገሩ፣ አረማመዱ፣ ካሜራው፣ ከሁሉም በላይ ኪሱ ፈረንጅ ነው። እንግዲህ ቃሉ ቀለምም ዜግነትም አይደለም። ቃሉ የአቅም ስም ነው። ዓለም ላይ እንደልቡ የሚዞር፣ በየቢሮው ወንበር የሚሳብለት፣ የተናገረው ሳይጠየቅ የሚታመንለት ሰው ስም ነው። ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ ጎራዴ ያየበት ቦታ ላይ እኛ ፓስፖርት እናያለን።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ብቻ የሚጨንቅ ነገር አይደለም። ጥናት ሠርቶ ያመጣ የአገሬ ምሁር «ማን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ «ፈረንጅ ብሎታል» ካለ ጥያቄው ያበቃል። ቤቱን ሸጦ ልጁን «ፈረንጅ ያስተምርበታል» የተባለ ትምህርት ቤት ያስገባ አባት አውቃለሁ። አስተማሪው በአገሩ የማስተማር ፈቃድ ይኑረው አይኑረው የጠየቀ የለም። ገጽታው ፈቃድ ነው። ደግሞ በሌላው ጫፍ የቆመ አለ፤ የዓለምን ቃል ሁሉ ከእኛ ጎተራ የወጣ የሚያደርግ። «ኮፊ» ከከፋ መጣ ብሎ ይምላል፤ የቋንቋ ሰዎች ቃሉን በቱርክና በዐረብ በኩል «ቀህዋ» ድረስ ይከተሉታል፤ ያ ቃል ደግሞ ከቡና በፊት የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። ከከፋ ጋር መዛመዱ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ከፎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ነው የሚሉት። «ፎሪን» ያለውና «ከፋ» ያለው ሰው ጠላት ይመስላሉ እንጂ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ራሳቸውን የሚለኩት በፈረንጅ ክንድ ነው።

የቃሉ ትልቁ ምፀት የተፈጸመው ግን እስራኤል ውስጥ ይመስለኛል። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ተወስደዋል። ሽማግሌዎቹ እዚያ ያገኟቸውን ከአውሮፓ የመጡ ነጭ አይሁዶች ምን አሏቸው? ፈረንጅ። ዝም ብለን ካየነው ተራ ነገር ነው፤ በአገራቸው የሚያውቁት ቃል ነው። ግን ወደ ኋላ ሂዱ። በ1096 የመጀመሪያዎቹ የመስቀል ጦረኞች ወደ ኢየሩሳሌም ከመገስገሳቸው በፊት በራይን ዳር ከተሞች፣ በቮርምስና በማይንስ፣ የሚኖሩ አይሁዶችን ፈጅተዋል። ከዚያ ፍጅት የተረፉት አይሁዶች ዘሮች፣ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ፣ ሌላ አይሁድ በገዳዮቻቸው ስም ጠራቸው።

እሱም አልበቃም። እዚያው እስራኤል ውስጥ ከአውሮፓ የመጡት አይሁዶች በዪዲሽ «ፍሬንክ» የሚሉት ስድብ ነበራቸው። ለማን? ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከየመን ለመጡት የምሥራቅ አይሁዶች። ቃሉ በቱርክ ግዛት ይኖሩ ከነበሩ ከስፔን የተሰደዱ አይሁዶች ጋር ዞሮ የመጣ ነው። አስቡት እንግዲህ። አንድ የፖላንድ አይሁድ ሞሮኳዊ ጎረቤቱን «ፍሬንክ» ይላል፤ የጎንደር አይሁድ ደግሞ የፖላንዱን «ፈረንጅ» ይላል። ቃሉ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ሃይማኖቱ አንድ፤ አንዱ ወደ ታች ይሰድብበታል፣ ሌላው ወደ ላይ ያንጋጥጥበታል። ይህንን የፈጠረ ደራሲ ቢኖር ኖሮ ተማሪዎቼ «ጋሼ፣ ተጋነነ» ይሉት ነበር።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ዘመዶቻችንም ቃሉን ይዘው ሄደዋል። «ሠፈራችን ፈረንጅ ይበዛዋል» ይላሉ ስልክ ሲደውሉ። «አለቃዬ ፈረንጅ ናት» ይላሉ። በራሱ አገር፣ በራሱ መንገድ ላይ የሚሄደው አሜሪካዊ ፈረንጅ ነው፤ ትናንት የደረሰው የኛ ሰው አይደለም። «የውጭ አገር ሰው» የሚለው ትርጉም በዚህ የስልክ ወሬ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሞታል። ልጆቻቸው ግን ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሲመጡ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል።

አምና አንዲት የዘመዴ ልጅ፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ለሠርግ መጥታ ከአያቷ ጋር ሽሮ ሜዳ ሄድን። የሐበሻ ቀሚስ ነው የምትፈልገው። ነጋዴዋ ቀሚሱን አውጥታ ለአያቲቱ አንድ ዋጋ ተናገረች። ልጅቱ በተሰባበረ አማርኛ «ጥለቱን ሰማያዊ አለሽ?» አለች። ነጋዴዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ቀሚሱን መልሳ አጣጠፈችና ሌላ ዋጋ ጠራች። አያቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው «ምነው ልጄ፣ ይቺ እኮ ሐበሻ ናት! የልጄ ልጅ ናት!» አሉ።

«እማማ፣ መልኳስ ሐበሻ ነው» አለች ነጋዴዋ ቀሚሱን በጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ «አፏ ነው ፈረንጅ።»

ግማሽ መንገድ ላይ ተስማሙ። ከሐበሻው ዋጋ ከፍ፣ ከፈረንጁ ዝቅ ያለ ብር ከፍለን ቀሚሱን ይዘን ወጣን፤ ልጅቱ በሰማያዊው ጥለት በጣም ተደስታለች።